ለሂሳብ ቢሮ 6 ላፕቶፕ፦ 7ኛ ጄኔሬሽን ኮር አይ7 ወይስ 8ኛ ጄኔሬሽን ኮር አይ5?

ፒችትሪ_ከነደብተሩ፦

ሰላም ለሁላችሁም። አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ የሂሳብ ሥራ ቢሮ አለን። ስድስት ሰው ነን። ዴስክቶፖቻችን አርጅተዋል፤ መብራት በጠፋ ቁጥርም ሥራ ይቆማል። ስለዚህ ላፕቶፕ ልንገዛ ነው። ፓክድ አዲስ አቅማችን አይደለም፣ ስላይትሊ ዩዝድ ነው የምናየው።

ሻጩ ሦስት ዓይነት አሳይቶናል። አንዱ ኮር አይ7-7600ዩ ያለው ነው። ሁለተኛው ቲንክፓድ ቲ480፣ ኮር አይ5-8350ዩ። ሦስተኛው ቲንክፓድ ቲ14፣ ራይዘን 5 ፕሮ 4650ዩ። ሰውዬው የሚገፋኝ ወደ አይ7ቱ ነው። "ይሄ 2.8 ጊጋኸርዝ ነው፣ ያኛው 1.7 ብቻ፤ ደግሞ አይ7 ነው" ይለኛል። ዋጋውም ከቲ480ው ትንሽ ከፍ ይላል። ራይዘኑ ከሁሉም ይወደዳል።

የምንሠራው በፒችትሪ (የሂሳብ መዝገብ ሶፍትዌር)፣ በኤክሴልና በክሮም ነው። የደንበኞቻችን የደመወዝ ሰነድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የባንክ ስቴትመንት ሁሉ ላፕቶፑ ውስጥ ይቀመጣል። አንዱ ታክሲ ውስጥ ቢረሳስ? እሱ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። ላፕቶፖቹ ላይ ቪፕሮ የሚል ስቲከር አለ። ሻጩ "ይሄ ማለት ሴኩሪቲ አለው ማለት ነው" አለኝ። እውነቱን ነው?

የመገናኛው_ጥገና፦

እህቴ፣ አይ7ቱን እዚያው ተዪለት።

7600ዩ ያለው ሁለት ኮር ነው፣ ሥራውን የሚሠራው የፕሮሰሰሩ ክፍል ሁለት ብቻ ነው ማለት ነው፤ አራት ትሬድ፣ ማለትም በአንዴ አራት ሥራ ያስኬዳል። 8350ዩ አራት ኮርና ስምንት ትሬድ አለው። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2017 የወጡ ናቸው፣ ግን መሃላቸው ትልቅ ዝላይ አለ። ኢንቴል በ"ዩ" የሚያልቁትን፣ ለቀጭን ላፕቶፕ የሚሠራቸውን ፕሮሰሰሮች ከሁለት ኮር ወደ አራት ያሳደገው 8ኛው ጄኔሬሽን ላይ ነው። ከዚያ በፊት የወጣ በ"ዩ" የሚያልቅ አይ7 ሁሉ ባለሁለት ኮር ነው። አይ7 የሚለው ስም ብቻውን ምንም አይነግርሽም።

ጊጋኸርዙን በተመለከተ፣ 1.7 መነሻው ነው። አራት ኮር አንዱን 15 ዋት ስለሚካፈል ነው መነሻው ዝቅ ያለው። ሥራ ሲመጣ እስከ 3.6 ይወጣል። ያኛው ከ2.8 ተነስቶ እስከ 3.9 ይደርሳል። አንድ ኤክሴል ብቻ ከፍተሽ ብትሠሪ ልዩነቱ ላይታይሽ ይችላል። ፒችትሪ፣ ሃያ የክሮም ታብ፣ ቴሌግራምና አንቲቫይረስ አንድ ላይ ሲሮጡ ግን ባለሁለት ኮሩ ይንገዳገዳል።

ደግሞ ልብ በይ። ቲ480 በ7ኛ ጄኔሬሽንም ተሠርቷል፤ 7200ዩ እና 7300ዩ ያለበት አለ። መልኩ አንድ ነው። "ቲ480 ነው" ስላሉሽ 8ኛ ነው ብለሽ አትደምድሚ። ስቲከር ደግሞ ማንም ይለጥፋል። ታስክ ማናጀር ክፈቺ፣ ፐርፎርማንስ ውስጥ ገብተሽ ሲፒዩ የሚለውን ንኪና ሙሉ ስሙን አንብቢ። የኮሩም ብዛት እዚያው ተጽፎልሻል።

ዲሲ_ማዶ፦

ጥገና ባለው ላይ ልጨምር። እኔ ያለሁት ቨርጂኒያ ነው፤ ሥራዬ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፖችን ማስተዳደር ነው። እናንተ ጋ የሚደርሱት ብዙዎቹ ያገለገሉ ላፕቶፖች ከእንደኛ ዓይነት ቢሮ የሚወጡ ናቸው።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 የፈቀደው የኢንቴል ፕሮሰሰር በጥቅሉ ከ8ኛ ጄኔሬሽን ይጀምራል። ከ7ኛው ያስገባው በጣት የሚቆጠሩትን ነው፤ 7600ዩ እዚያ ውስጥ የለም። ዊንዶውስ 10 ደግሞ ድጋፉ ያበቃው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ለተወሰነ ጊዜ የሚያራዝም ፕሮግራም አለ፣ ግን እሱም አላቂ ነው። መሥሪያ ቤቶች 7ኛ ጄኔሬሽኑን በጅምላ ያራገፉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሻጭሽም የሚገፋሽ በእኔ ግምት ለዚሁ ነው። መጋዘኑ ሞልቶበታል።

አንደኛ_ኮር፦

አታካብዱ እንጂ። ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም ፍላሽ አዘጋጅቶ 7ኛ ጄኔሬሽን ላይ ዊንዶውስ 11 መጫን ይቻላል። እኔ 6ኛ ላይ ጭኜ እየሠራሁ ነው። ምንም አላለኝም።

ዲሲ_ማዶ፦

ይጫናል፣ ማን አይጫንም አለ? ግን ማይክሮሶፍት በግልጽ ጽፎታል፤ መስፈርቱን የማያሟላ ኮምፒውተር አፕዴት የማግኘት መብት የለውም፣ የደህንነት አፕዴትም ቢሆን። ዛሬ ይመጣልሃል፣ ነገ ሊቀር ይችላል። ለራስህ ቤት ይሁን። የሰው ደመወዝ የያዘ ቢሮ ግን እንዲህ ባለ ነገር ላይ አይቆምም። ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የደንበኛ መረጃ ቢያፈተልክ "አፕዴት አልመጣልኝም ነበር" ብሎ ማምለጥ የለም።

ሊኑክስ_ይሻላል፦

ኡቡንቱ ጫኑበት፣ ከነዚህ ሁሉ ጣጣ ትገላገላላችሁ።

ፒችትሪ_ከነደብተሩ፦

@ሊኑክስ_ይሻላል ስሜን አንብበኸዋል? 😄 ፒችትሪ ዊንዶውስ ይፈልጋል።

ጡረተኛው_አይቲ፦

ልጄ፣ የቪፕሮውን ነገር ላስረዳሽ። በብዙ ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሠርቼበታለሁ።

ቪፕሮ እ.ኤ.አ. በ2006 የመጣ የኢንቴል ስም ነው። አንድ ነገር አይደለም፣ የብዙ ነገሮች ጥቅል ነው። ትልቁ ኤኤምቲ የሚባለው ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት ቁጭ ብዬ ቅርንጫፍ ያለውን ኮምፒውተር እከፍታለሁ፣ ባዮሱ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ውስጥ እገባለሁ፣ ዊንዶውሱ ሞቶ እንኳን ስክሪኑን አያለሁ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ይሁን፣ ኤሌክትሪክና የኔትወርክ ገመድ ከተሰካበት ይበቃል። አንድ ብልሽት ለማስተካከል ሰው በመኪና ሌላ ከተማ ከመላክ ያድናል። ግን ይህን የሚያስተዳድር ሶፍትዌርና ሰው ይፈልጋል። ስድስት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ለሚሠራበት ቢሮ የሚፈይደው የለም። ሻጩ ገንዘብ እንዳይጨምርብሽበት።

ይልቅ ሌላ ጣጣ አለው። ኤኤምቲ የሚስተካከልበት ሜኑ ኤምኢቢኤክስ ይባላል። ላፕቶፑ ሲነሳ ኮንትሮልና ፒ ስትጫኚ ይመጣል። ማንም ካልነካው ፓስዎርዱ "አድሚን" ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ኤፍሴኪዩር የተባለው የፊንላንድ ኩባንያ ያሳወቀው ይህንኑ ነው፦ ላፕቶፕሽን ለአንድ ደቂቃ ያህል ብቻውን ያገኘ ሰው እዚያ ገብቶ የራሱን ፓስዎርድ ያስገባል፣ ከርቀት መግቢያውንም ይከፍታል። የባዮስ ፓስዎርድም፣ ዲስኩን የሚያመሰጥረው የዊንዶውስ ቢትሎከርም አያስቆሙትም ነበር።

ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017፣ ኤኤምቲው ራሱ ላይ ከባድ ክፍተት ተገኝቶ ነበር። ፓስዎርድ በሚጠይቅበት ቦታ ባዶ መልስ ብትልኪለት ያስገባሻል። ከ6 እስከ 11.6 ያሉትን ቨርሽኖች ይነካል፤ የ7600ዩው ዘመን ማሽኖችም እዚያ ውስጥ ናቸው። ፈርምዌሩ (ሃርድዌሩ ውስጥ የተቀመጠው ፕሮግራም) ካልታደሰ ክፍተቱ ዛሬም አለ። ብዙ ሻጭ ደግሞ ዊንዶውስ ይጭናል እንጂ ፈርምዌር አያድስም።

ስለዚህ ሜኑው ውስጥ ገብተሽ ፓስዎርዱን ቀይሪ። ቲንክፓድ ከሆነ ባዮሱ ውስጥ ኤኤምቲን ማጥፋት ይቻላል። "እስከወዲያኛው አጥፋ" የሚል ምርጫም አለው፤ እሱን ግን አስበሽ ንኪው፣ መመለሻ የለውም።

ፒችትሪ_ከነደብተሩ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ አልነበረም። ታዲያ ላፕቶፑ ቢጠፋ የሚያድነኝ የትኛው ነው? አይ5ቱና ራይዘኑ በዚህ በኩል ይለያያሉ?

ዲሲ_ማዶ፦

የሚያድንሽ ቢትሎከር ነው፣ ቁልፉን የሚይዝለት ደግሞ ቲፒኤም የሚባለው የደህንነት ክፍል። ዲስኩ ተፈትቶ ሌላ ማሽን ላይ ቢሰካ አይነበብም። ቲፒኤም 2.0 መሆኑን ለማየት ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ክፈቺ፣ ዲቫይስ ሴኩሪቲ፣ ቀጥሎ ሴኩሪቲ ፕሮሰሰር ዲቴይልስ። እዚያ ቨርሽኑን ታገኚዋለሽ።

አሁን ልዩነቱ። ብዙ ቲንክፓድ ላይ ቲፒኤሙ ማዘርቦርዱ ላይ ለብቻው የተቀመጠ ቺፕ ነው። ቢትሎከር ያለ ፒን ከተሠራ ማሽኑ ሲነሳ ቁልፉ ከዚያ ቺፕ ወደ ፕሮሰሰሩ በሽቦ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2024 አንድ ሰው ራስቤሪ ፓይ ፒኮ በምትባል ርካሽ ቦርድ ያንን መስመር ጠልፎ፣ አንድ ደቂቃ እንኳን ሳይሞላው ቁልፉን ሲያወጣ በቪዲዮ አሳይቷል። ቲፒኤም ፕሮሰሰሩ ውስጥ ሲሆን እንዲህ የሚጠለፍ ሽቦ የለም። ግን እሱም ፍጹም አይደለም። በ2023 የበርሊን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የኤኤምዲን የውስጥ ቲፒኤም፣ ዜን 2 እና ዜን 3 በሚባሉት የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ትውልዶች ላይ፣ ማሽኑን በእጅ ይዘው ሰብረውታል። 4650ዩ ዜን 2 ነው።

ለሁለቱም መፍትሔው አንድ ነው፦ ላፕቶፑ ሲነሳ ዊንዶውስ ሳይመጣ በፊት ፒን እንዲጠይቅ ማድረግ። ረዘም ያለ ፒን ይሁን። ዊንዶውስ ፕሮ ላይ ግሩፕ ፖሊሲ ውስጥ መጀመሪያ መፍቀድ አለብሽ። ሠራተኞችሽ ያጉረመርማሉ። ያጉረምርሙ።

የመገናኛው_ጥገና፦

የታክሲ ሌባ ራስቤሪ ፓይ ይዞ አይዞርም እኮ 😂 ሸጦ ነው የሚበላው።

ዲሲ_ማዶ፦

ልክ ነህ፣ ለተራ ሌባ ቢትሎከሩ ብቻውን ይበቃል። ግን የሂሳብ ቢሮ ነው። ተቀናቃኝ ያለው ደንበኛ አይጠፋም።

አንደኛ_ኮር፦

ኢንቴል ማለት ሜልትዳውን፣ ስፔክተር የሚባሉት የፕሮሰሰር ክፍተቶች አይደለም እንዴ? ኤኤምዲ ይግዙ በቃ።

ጡረተኛው_አይቲ፦

ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም፣ ልጄ። ሜልትዳውን እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ይፋ ሲወጣ 8350ዩ ገበያ ላይ ነበር፤ ስለዚህ እሱ ላይ መከላከያው በሶፍትዌር የተጨመረ ነው። እዚያው 8ኛ ጄኔሬሽን ውስጥ ቆይቶ የመጣ 8365ዩ የሚባል አለ፣ ቲ490 ላይ ይገኛል። እሱ ሜልትዳውንን በሃርድዌር ይከላከላል። ኤኤምዲን ሜልትዳውን አይነካውም፣ ስፔክተር ግን ይነካዋል። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2023 ክረምት ሁለቱም በአዲስ ክፍተት በተራ ተጠሩ፦ በሐምሌ ዘንብሊድ ዜን 2ን፣ በነሐሴ ዳውንፎል ከ6ኛ እስከ 11ኛ ጄኔሬሽን ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች። ንጹሕ ፕሮሰሰር ፈልገሽ አትጨርሺም። የሁለቱም መድኃኒት የባዮስና የዊንዶውስ አፕዴት ነው። ከእነዚህ መሃል ስትመርጪ አምራቹ ዛሬም ባዮስ እያወጣለት መሆኑን ማየቱ ይበልጣል።

ኤኤምዲው በአንድ ነገር ይበልጣል። ፕሮ የሚል የተጨመረባቸው ራይዘኖች ሜሞሪ ጋርድ አላቸው፤ ራሙ ላይ ያለውን መረጃ ሁሉ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያመሰጥራል። እ.ኤ.አ. በ2008 የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ራም ቀዝቅዞ ከተነቀለ በኋላ እንኳን ለጥቂት ጊዜ መረጃ እንደሚይዝ፣ የዲስክ ቁልፍም ከዚያ ሊወጣ እንደሚችል አሳይተዋል። ላፕቶፑን ሳያጠፉ ክዳኑን ብቻ ዘግተው የሚዞሩ ሠራተኞች ካሉሽ ይህ ይጠቅማል።

ሻርጃ_ገበያ፦

ሰላም ሰላም። ከኤምሬትስ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ በኮንቴይነር ሲመጣ፣ ተለይቶ ሲሸጥ በየቀኑ አያለሁ። ስለ ፕሮሰሰሩ ተነጋግራችኋል፣ ዋናው ነገር ግን ተረሳ። ላፕቶፑ ከቀድሞ ባለቤቱ ተለቅቋል ወይ?

የድርጅት ላፕቶፕ ሦስት ቦታ ሊታሰር ይችላል። የመጀመሪያው የባዮስ ፓስዎርድ ነው። ሲነሳ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ1፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ10፣ ዴል ላይ ኤፍ2 ተጫኚ። ቲንክፓድ ፓስዎርድ ጠይቆሽ ባዶውን ኢንተር ስትዪ ሊያስገባሽ ይችላል፤ ሻጩም "ይኸው ተከፈተ" ይልሻል። አትታለዪ። ሴኩሪቲ የሚለው ውስጥ ሱፐርቫይዘር ፓስዎርድ "ኢኔብልድ" ካለ ታስሯል። ሴኪዩር ቡትንም (ያልታመነ ፕሮግራም ማሽኑን እንዳያስነሳ የሚከለክለውን)፣ ቲፒኤምንም መቀየር አትችዪም። አምራቹ የሚያውቀው መፍትሔ ማዘርቦርድ መቀየር ነው።

ሁለተኛው አብሶሉት ነው፣ ድሮ ኮምፒውትሬስ የሚባለው። ባዮስ ውስጥ የተቀመጠ የስርቆት መከታተያ ነው። ዲስክ ብትቀይሪ፣ ዊንዶውስ ብትጭኚ ተመልሶ ይመጣል። "አክቲቬትድ" የሚል ካየሽ ሌላ አምጣ በይው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚያስለቅስ ነው፦ ኦቶፓይለት። ድርጅቱ የላፕቶፑን የሃርድዌር መለያ ማይክሮሶፍት ጋ አስመዝግቦታል። ሲያስወግደው መሰረዝ ነበረበት፣ ረሳው። ሻጩ ያለ ኢንተርኔት ዊንዶውስ ይጭናል፣ አካውንት ይፈጥራል፣ ሁሉም ሰላም ይመስላል። ከስድስት ወር በኋላ ሪሴት ስታደርጊውና ዋይፋይ ሲያገኝ የአንድ የማታውቂው ድርጅት መግቢያ ገጽ ፊትሽ ይደቀናል። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ እያለሽ ሪሴት ይደረግልኝ በይ። ስልክሽን ሆትስፖት አድርገሽ ከማዋቀሪያው ገጽ ላይ አገናኚው። የድርጅት ስም ከመጣ ተነሽ ሂጂ።

ፒችትሪ_ከነደብተሩ፦

ኧረ ይህን ሁሉ ማን ያውቃል! ሻጩ ግን ስድስቱንም ሪሴት ላድርግ ብለው እሺ ይለኛል?

የመገናኛው_ጥገና፦

እሺ ካላለሽ መልስ ሰጠሽ ማለት ነው። ስድስት በአንዴ የሚገዛ ደንበኛ በየቀኑ አይመጣለትም፤ ይጠብቅሻል።

ዝም_ብዬ_አንባቢ፦

ትንሽ ብር ቢጨመር 11ኛ ጄኔሬሽን አይሻልም? አይ5-1145ጂ7 የሚባል አየሁ።

ሻርጃ_ገበያ፦

ይሻላል። እንደ ሜሞሪ ጋርድ ያለ ራም የማመስጠር ነገር ኢንቴልም ቪፕሮዎቹ ላይ እዚያ ጄኔሬሽን አካባቢ አምጥቷል። ሲኢቲ የሚባል መከላከያም ተጨምሮበታል። ኮሩ ግን አሁንም አራት ነው። 4650ዩው በስድስት ኮርና በ12 ትሬድ ብዙ ሥራ ሲደራረብ ይበልጠዋል።

ዲሲ_ማዶ፦

ራይዘን የምትገዙ ሰዎች፣ 3500ዩን ከ4650ዩ ጋር እንዳታምታቱ። 3500ዩ ዜን ፕላስ ነው። ዊንዶውስ 11 ይቀበለዋል፣ ግን ሜሞሪ ኢንተግሪቲ የሚባለውን መከላከያ ስታበሩ ይከብደዋል። ያንን ሥራ የሚያቀልለት የሃርድዌር ድጋፍ በኤኤምዲ የመጣው ከዜን 2 ጀምሮ ነው። ኢንቴል ላይ ከ7ኛው ጀምሮ አለ፤ በዚህ በኩል 7600ዩ አይታማም፣ እውነት ለመናገር።

ፒችትሪ_ከነደብተሩ፦

ሄጄ መጣሁ። አንድ ጎበዝ የሥራ ባልደረባዬን ይዤ ነው የሄድኩት።

የባዮሱን ነገር ስንጠይቅ ሻጩ ፊቱ ተለወጠ። ከቲ480ዎቹ አንዱ ላይ በኢንተር ገባን፤ ሱፐርቫይዘር ፓስዎርዱ "ኢኔብልድ" ነው የሚለው። "ምንም አይደል፣ ሥራ አይከለክልሽም" አለኝ። ወደ ጎን አስቀመጥነው። ሌላውን ሪሴት አድርገን በስልኬ ሆትስፖት ስናገናኘው የአንድ የውጭ ድርጅት ስም ከነሎጎው መጣ፤ ኢሜልና ፓስዎርድ ይጠይቃል። ሰውዬው ኢንተርኔቱን አጥፍቶ እንደገና ሊጭነው ሲል "ይቅርብን" አልነው። ሌሎቹ ንጹሕ ናቸው። አንዱ ብቻ ታስክ ማናጀር ላይ 7300ዩ ሆኖ ተገኘ፤ ስቲከሩ 8ኛ ይላል 🙄

በመጨረሻ ቲ480 8350ዩ አራት፣ ቲ14 ራይዘን ሁለት ወሰድን። ራይዘኖቹ የደመወዝ ሥራ ለሚሠሩት ሁለት ልጆች ናቸው፤ እነሱ ናቸው ላፕቶፕ ይዘው ደንበኛ ጋ የሚሄዱት። ቲ480ዎቹ ላይ 8 ጊጋ ራም አንድ ቦታ ብቻ ነው የተሰካው፤ ሁለተኛው ክፍት ስለሆነ ቀስ ብለን እንጨምራለን።

አሁን ባዮሱን ላድስ ነው። ቢትሎከሩን ትናንት አብርተነዋል። መብራት ቢጠፋብኝስ?

የመገናኛው_ጥገና፦

ላፕቶፕ ስለሆነ ባትሪው ይይዝልሻል። ቻርጁን በደንብ ሙዪውና ቻርጀሩንም ሰክተሽ ጀምሪ። እየሠራ ሳለ ክዳኑን እንዳትዘጊ፣ ቆመ ብለሽም እንዳታጠፊው።

ጡረተኛው_አይቲ፦

ከዚያ በፊት ግን ቢትሎከሩን "ሰስፔንድ" አድርጊው። አጥፊው አላልኩም፣ ለጊዜው አቁሚው። አለዚያ ባዮሱ ሲቀየር ቲፒኤሙ ማሽኑ ተነካካ ብሎ ቁልፉን አይሰጥም፤ 48 አሃዝ ያለውን የመልሶ መክፈቻ ቁጥር ይጠይቅሻል። ያንን ቁጥር የት ነው ያስቀመጥሽው?

ፒችትሪ_ከነደብተሩ፦

ፍላሽ ላይ። ፍላሹ ላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ ነው 🙈

ጡረተኛው_አይቲ፦

አውጪው፣ አሁኑኑ። የስድስቱንም አትመሽ የቢሮው ካዝና ውስጥ ቆልፊበት፤ በየትኛው ላፕቶፕ መለያ ቁጥር እንደሆነም ጻፊበት። ከዚያ ባዮሱን አድሺ።

ዝም_ብዬ_አንባቢ፦

ይቅርታ፣ ያ የድርጅት ስም የመጣበት ላፕቶፕ በስንት ይሸጣል? ለቤት ብቻ ነው፣ ሪሴት አላደርገውም።

ሻርጃ_ገበያ፦

ወንድሜ፣ እንዳትገዛው። ድርጅቱ ነገ "ተሰርቋል" ብሎ ቢያመለክት እጅህ ላይ ነው የሚገኘው።